አስጻፊው ማን ነው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ሃሎ» ከማለቴ፣ በወዲያ በኩል ያለው ሰው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣

«ሦስተኛው ገጽ የት ሄደ?» አለኝ።

ድምፁን ወዲያው ለየሁት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። እኚህ ሰው ስህተት ነግረው ሳይጨርሱ ሰላምታ አይሰጡም። ያኔም እንዲሁ ነበሩ። ደብተራችንን ሲመልሱልን መጀመሪያ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ቀይ ቀለም ነው። «ጎበዝ» የምትለዋ ቃል፣ ከተጻፈችም፣ የምትገኘው ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ተሸጉጣ ነው።

«የምኑ ሦስተኛ ገጽ፣ ጋሼ?»

«የመጽሐፍህ ነዋ! የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ፊደሉን እያሳደግሁ ነው የማነበው፤ ለዓይኔ ተስማምቶኛል። ግን ከሁለት ተነስቶ ወደ አራት ይዘላል። መቁጠር የማትችል ልጅ አልነበርክም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ደነገጥሁ። ለምን እንደደነገጥሁ እንድትረዱልኝ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

እኔ አሳታሚ የሌለኝ ደራሲ ነኝ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ደራሲ ማለት፣ ጽፎ፣ አርሞ፣ ከማተሚያ ቤት ጋር ተከራክሮ፣ መጽሐፉን ተሸክሞ፣ ለአዟሪዎች በዱቤ አድሎ፣ ዱቤውን ለመሰብሰብ ደግሞ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር በእግሩ ሲንከራተት የሚውል ሰው ማለት ነው። ሦስት መጻሕፍት በዚህ ዓይነት አውጥቻለሁ። አራተኛው ግን በወቅታዊ ጉዳዮች ላይ የጻፍኋቸው ሐተታዎች ስብስብ ነው። ወቅታዊ ጉዳይ ደግሞ እንደ ቂጣ ነው፤ ካደረ ይደርቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ነው። ማተሚያ ቤት ሄጄ ፕሮፎርማ ስጠይቅ «ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለአምስት ቀን ብቻ ነው» የሚል ማስታወሻ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። በአምስት ቀን ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ የሚያገኝ ደራሲ ካያችሁ አደራ አስተዋውቁኝ።

ስለዚህ ወረቀቱን ተውሁና መጽሐፉን በሶፍት ኮፒ አወጣሁት። ዋጋው መቶ ብር። ሦስተኛው ገጽ ላይ የባንክ ሂሳቤንና የቴሌብር ቁጥሬን አስፍሬ ከሥሩ እንዲህ የሚል መልእክት አኖርሁ፦ መጽሐፉ በሰው በኩል ከደረሰዎት ግድ የለም፣ ያንብቡት፤ ከወደዱትና አቅም ካለዎት ግን ዋጋውን ይላኩልኝ። ፋይል እንደ ወሬ መሆኑን አውቃለሁ። አንዴ ከአፍ ከወጣ የሚያቆመው የለም። የኔ ተስፋ ወሬው በሄደበት ሁሉ ያቺ ገጽ አብራው ትሄዳለች የሚል ነበር።

እና ያቺ ገጽ ናት የጠፋችው።

ማን እንዳጠፋት ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም። በሳምንቱ አንድ የረጅም ጊዜ ወዳጄን ካፌ አገኘሁት። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ገና ሳልቀመጥ፣

«መጽሐፍህን ጨረስኩት እኮ!» አለኝ። «ለቢሮው ሰው ሁሉ በቴሌግራም ላክሁላቸው። አሜሪካ ላለችው እህቴም ላክሁላት፤ እሷ ደግሞ ለማኅበሯ በሙሉ በተነችው። ታዋቂ አደረግንህ!»

«ሦስተኛውን ገጽ አይተኸዋል?»

«እሱንማ አወጣሁት።»

«አወጣኸው?»

«ለአንተው ክብር ብዬ ነዋ! ምን ነካህ? እንደ አንተ ያለ ሰው የባንክ ሂሳቡን መጽሐፍ ላይ ለጥፎ… ልመና እኮ ነው የሚመስለው። ሰው ምን ይላል ብዬ አፈርኩልህ።»

ሁለት ማኪያቶና አንድ ኬክ አዝዘን ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ እኔም እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ። «ሞቼ ነው ቆሜ!» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ተጎታተትን፤ አስተናጋጇ ሳቀች፤ በመጨረሻ እሱ ከፈለ። ደረሰኙን አየሁት፤ ከመጽሐፌ ዋጋ በለጥ ይላል። ልንለያይ ስንል ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ቀጣዩን መቼ ነው የምትለቀው?» አለኝ።

እንግዲህ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ይህ ነው። ይህ ሰው ሌባ ነው?

«አዎ» ለማለት ምላሴ አልታዘዝልህ አለኝ። ማኪያቶ ለመጋበዝ የሚጋደል ሰው እንዴት ሌባ ይባላል? ሕጉን ብንጠይቀው መልሱ አጭር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በአዋጁ መሠረት ደራሲ በሥራው የሚጠቀምበት መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጥሩ ነው። ግን የትኛው ደራሲ ነው ወዳጁን በቴሌግራም ላከብኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሚገትረው? ሕግ የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ፤ ካፌ አንዱ ነው።

ወዳጄ ጠበቃ ቢያቆም ኖሮ ጠበቃው የሚለው ይታወቃል። «ጧፍ ከጧፍ ቢለኮስ የመጀመሪያው ምን ይጎድልበታል?» ይላል። እውነት አለው። አንድ ሰው ቤቴ ገብቶ መጽሐፍ ቢያነሳ መደርደሪያዬ ይጎድላል። ፋይሉን ለሌላ ሰው ሲልከው ግን የኔ ፋይል እኔው ዘንድ አለ። ታዲያ ምን ተሰረቅሁ? እኔም ለብዙ ቀን መልስ አጣሁ። በኋላ ግን ስለ ጧፉ ደግሜ ሳስበው፣ ጧፍ በክር ብቻ እንደማይበራ ትዝ አለኝ። ሰም አለው። ሰሙን ከቀፎ የቆረጠ፣ ያቀለጠ፣ ክሩን የነከረ ሰው አለ። መብራቱን መቀባበል ሰሙን አይጎዳም፤ ሰም ቆራጩ ግን ሁለተኛ ወደ ቀፎው የሚሄድበት ምክንያት ካጣ፣ የምንቀባበለው የዛሬን ጧፍ ብቻ ነው። ነገ ጨለማ ነው።

ቢሆንም መገልበጥን በጅምላ ኃጢአት ማድረግ አልችልም። አባቶቻችንም አላደረጉትም። የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው በመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ብዙ ጊዜ እርግማን ያጋጥመዋል። መጽሐፉን የሰረቀ፣ የቀማ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ልብ በሉልኝ፤ ከተረገሙት መካከል «የገለበጠ» የለም። የገለበጠማ ስሙን ጽፎ «ጸልዩልኝ» ይላል። መገልበጥ ጽድቅ ነበር። ሆኖም የዚያን ጊዜ ገልባጭ በነፃ አልገለበጠም። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው ለወራት አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ቅጂው በራሱ ዋጋ የተከፈለበት ነበር። የእኛ ዘመን አዲስ ነገር ድካሙን ከመገልበጥ ላይ ማንሳቱ ነው። የኔ ወዳጅ ሁለት መቶ ሰባ ገጽ መጽሐፍ ለስልሳ ሰው የገለበጠው ሊፍት እየጠበቀ ነው።

ከእርግማኑ አጠገብ ደግሞ ምርቃት አለ። እግዚአብሔር ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ለሰማው ምሕረቱን እንዲያወርድ የሚለምን። ይህን ምርቃት ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ! ሁለተኛው ሰውዬ ላይ ቆም ያልሁት አሁን፣ ገጼ ከጠፋች በኋላ ነው። አስጻፊ። ቆዳውን የገዛ፣ ጸሐፊውን የቀለበ፣ «ይህ መጽሐፍ ይጻፍልኝ» ብሎ ኪሱን የፈታ ሰው ነው። ያለ እሱ መጽሐፉ የለም። ስለዚህ ነው ከጸሐፊው ቀጥሎ፣ ከአንባቢውም ቀድሞ የሚመረቀው። ስሙም በመጽሐፉ ውስጥ ይጻፋል። የቀድሞ ባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው ብራናዎች ዛሬም አሉ። ከተረገሙት አንዱ እንግዲህ ያ ፋቂ ነው።

ይህን ሳይ የጥያቄዬ መልክ ተለወጠ። «የገለበጠው ሌባ ነው ወይ?» ማለቱን ተውሁና «የዚህ መጽሐፍ አስጻፊው ማን ነው?» ማለት ጀመርሁ።

መልሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ «ዘ ፕላንት» የተባለ ልቦለዱን በኢንተርኔት በክፍል በክፍል ማውጣት ጀመረ። በመካከል አሳታሚ የለም። መጀመሪያ ላይ የአንዱ ክፍል ዋጋ አንድ ዶላር ነበር፤ የሚከፍለው ግን በሐቀኝነት ነው፤ ሳይከፍሉ መውሰድ ይቻላል። ኪንግ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ ከወሰዱት ሰዎች ከመቶ ሰባ አምስቱ ከከፈሉ እቀጥላለሁ አለ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ከፈለ። እየቆየ ግን የከፋዩ ድርሻ እያሽቆለቆለ ሄደ። ስድስት ክፍል ካወጣ በኋላ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሌሎች ሥራዎች አሉብኝ ብሎ አቋረጠው። ኪንግ በዚህ አልደኸየም፤ እንዲያውም አትርፏል። ልቦለዱ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። የከፈሉትም ያልከፈሉትም አንባቢዎች መጨረሻውን አያውቁትም። እኩል ቀሩ።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። ብራዚላዊው ፓውሎ ኮኤልሆ የመጽሐፉ የሩሲያኛ ትርጉም ያለ ፈቃድ በነፃ ሲዘዋወር፣ በሩሲያ የሚሸጠው የታተመው መጽሐፍ ቁጥር እንደጨመረ አየ። ከዚያም ራሱ መጻሕፍቱን በነፃ የሚያገኙበትን መንገድ ለአንባቢዎቹ ማመላከት ጀመረ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2008 በአደባባይ ተናገረ። ለእሱ ሠርቶለታል። ግን አስተውሉ፤ ፋይሉን ያነበበው ሩሲያዊ ወጥቶ የሚገዛው የታተመ መጽሐፍ በየመደርደሪያው ይጠብቀው ነበር። የኔን ፋይል ያነበበ ሰው ወዴት ሄዶ ይግዛ? የኔ መደርደሪያ ያቺ ሦስተኛዋ ገጽ ነበረች።

ወደ አገራችን ልመለስና፣ መገልበጥ ያዳነውን መጽሐፍ ላስታውሳችሁ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያወጣ የጻፈው በወቅታዊ ጉዳይ ላይ ነበር። በ1974 በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ገና ትኩስ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። ያመለጡት ቅጂዎች በጋዜጣ እየተጠቀለሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ተከራዩ፤ ተገለበጡ። ያን ጊዜ «ኦሮማይ»ን የገለበጠ ሰው ሌባ ነው የሚል ካለ እኔ አልሰማውም። ፋቂው ሌላ ነበር። ገልባጩ ፋቂውን ነው የተከላከለው። በዓሉ በአካል በሌለበት፣ አንባቢው አስጻፊ ሆኖ ቆመለት ማለት ይቻላል፤ የከፈለው ደግሞ በገንዘብ ሳይሆን በፍርሃቱ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር ለሻጭ አስረክበን፣ ፋይል ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ የሚለውም መፍትሔ አይጥመኝም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» ከገዢዎች የኪንድል ማንበቢያ ውስጥ በርቀት ሰርዞ ነበር። ፋይሎቹን ያቀረበው ወገን መብቱ የሌለው ሆኖ በመገኘቱ ነው። ገንዘባቸው ተመለሰ፤ የድርጅቱ አለቃ ጄፍ ቤዞስም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ግን አስቡት፤ ማታ ስታነቡት ያመሻችሁት መጽሐፍ፣ ከራስጌያችሁ አስቀምጣችሁት ተኝታችሁ፣ ጠዋት የለም። ያውም ጋዜጦችን እየፋቀ ታሪክ ስለሚያድስ መንግሥት የሚተርክ መጽሐፍ! ፋቂ ወታደር ብቻ አይደለም። ነጋዴም ይፍቃል፤ ወዳጅም ይፍቃል።

ደራሲስ?

ይህን የምጽፈው እያፈርሁ ነው። መጽሐፉን በሶፍት ኮፒ ከማውጣቴ በፊት፣ የወረቀቱ ዋጋ ሲያብጥብኝ፣ አንድ ባለሀብት በሰው በኩል አግኝቶኝ ነበር። ጨዋ ሰው ነው። የማሳተሚያውን ወጪ በሙሉ ልሸፍንልህ አለኝ። በምላሹ የጠየቀኝ ከጀርባው ሽፋን ላይ የድርጅቱን ዓርማ እና… አንድ ትንሽ ነገር። ሰባተኛውን ምዕራፍ እንዳለሰልሰው። ምዕራፉ ስለ መሬት ነው። እሱን በስም አላነሳሁም፤ እሱ የሚያውቃቸውን ሰዎችም አላነሳሁም። «አጥፋው አላልኩህም፤ ቃላቱን ብቻ» አለኝ።

እምቢ አላልሁም። «ላስብበት» አልሁ። ሁለት ሌሊት አሰብሁ። በሁለተኛው ሌሊት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ምዕራፍ ሰባትን አወጣሁና፣ «ዘረፋ» የሚል ቃል ባለበት ሁሉ «ክፍተት» እያልሁ ተካሁ። ዘጠኝ ቦታ። ሲነበብ ምንም አይልም። እንዲያውም የሪፖርት ወዝ ያለው ጨዋ ጽሑፍ ሆነ። «የአሠራር ክፍተት ታይቷል።» ማን ይሞታል? ጠዋት ስነሳ ደግሜ አነበብሁት። የኔ አልመስልህ አለኝ። ለሰውየው ደውዬ አመሰገንሁና አልሆነልኝም አልሁት። ዘጠኙን ቃላት ወደ ቦታቸው መለስሁ።

ጀግንነት አድርጌ እያወራሁላችሁ አይደለም። ሁለት ሌሊት ብዙ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ሳምንት ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ሌሊት ምን ያመጣ እንደነበር አላውቅም። ማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። መጽሐፍ ያለ አስጻፊ አይጻፍም። አንባቢው አስጻፊ ካልሆነ ሌላው ይሆናል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ከቤተ መንግሥት ማዕድ ይበሉ ነበር፤ የጻፉትም ለማዕዱ የሚስማማውን ነው። አይፈረድባቸውም። የልቦለድ ደራሲ በሌላ ሰው ገንዘብ ቢጽፍ የሚጎዳው ምናልባት ውበቱ ነው። ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ግን፣ ከፋዩ የሚጻፍበት ሰው ራሱ ሲሆን፣ የሚጎዳው እውነቱ ነው። ያን ጊዜ አንባቢው በነፃ የሚያገኘው መጽሐፍ በእርግጥ ነፃ አይደለም። ዋጋው ተከፍሏል፤ ደረሰኙ ግን እሱ ዘንድ የለም።

ለዚህ ነው ወዳጄ ገጿን ሲያወጣት የቆረጠው መቶ ብር አይደለም የምለው። ስልሳዎቹ አንባቢዎች አስጻፊ የሚሆኑበትን በር ነው የዘጋው። ከስልሳው ሃምሳው ላይከፍሉ ይችሉ ነበር፤ መብታቸው ነው። ዐሥሩ ግን ሳይጠየቁ ቀሩ። ያደረገውም በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው፤ ይህ ነው የሚከብደኝ። እኛ ዘንድ ዕውቀትና ገንዘብ በአንድ አፍ ሲጠሩ ነውር ይመስለናል። የሙያ ሰው ዋጋውን ሲናገር እናፍርለታለን። ለግብዣ እንጋደላለን፤ ለዋጋ እንሸማቀቃለን። ማኪያቶው ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ የጋባዡን ስም ያስጠራል። መቶ ብሩ ግን ማንም የማያየው ዕዳ ነው። የበላንበትን ወጪት የምንሰብረው አንዳንድ ጊዜ እያጠብነው ነው።

እና ምን ይደረግ? እንደኔ ሕጉ ቀላል ነው። ገልብጡ። ላኩ። መጽሐፍ የጥቂት ቀን ምሳ በሚያህልበት አገር፣ ላጣ ተማሪና ለጡረተኛ ፋይል መላክ ቤተ መጻሕፍት መክፈት ነው። ግን አትፋቁ። የጸሐፊውን ስም፣ አድራሻውንና የጠየቀውን ዋጋ ከነጥያቄው አስተላልፉ። መክፈልና አለመክፈሉን የሚቀጥለው ሰው ከኅሊናው ጋር ይጨርስ። ያለው ይክፈል፤ የሌለው ያንብብ። እኛ በእሱ ፋንታ አንፈርና አንወስንለት።

አሁን ወደ መምህሬ ልመልሳችሁ። በዚያች ቅዳሜ ሦስተኛዋ ገጽ ላይ ምን እንደነበረ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ስንት ነው?» አሉኝ ቀጥሎ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎማ…»

«ስንት ነው አልኩህ እኮ!»

«ለእርስዎ በነፃ ነው፤ እኔ ነኝ የእርስዎ ባለዕዳ።»

«እንግዲያው ገጿን የቀደድካት አንተ ራስህ ነሃ!» አሉና ቆጣ አሉ። «ድሃ ነው ብለህ ከአንባቢነት ልትሰርዘኝ ነው? ጡረታዬ እስኪገባ ታገሰኝ።»

ወር ሲገባ ስልኬ ላይ መቶ ብር ገባ። የላኩት በልጅ ልጃቸው ቴሌብር ነው። በማግስቱ ልጁ ራሱ ከቤቴ ድረስ መጥቶ ከደብተር የተገነጠሉ አራት ቅጠሎች ሰጠኝ። በቀይ ቀለም የተጻፉ ናቸው። ሠላሳ አንድ ስህተት፣ ከነገጽ ቁጥሩ። የተዘለለ አራት ነጥብ፣ ያለ ቦታው የገባ «ሀ»፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጣ «ነው»። በመቶ ብር ላይ ይህን ጨምሮ የከፈለኝ አንባቢ የለም።

ተቀምጬ አንድ በአንድ ማረም ጀመርሁ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እንዲህ ይላል፦

«ገጽ 188፦ ‹ክፍተት› ያልከው ምንድን ነው? ከላይም ከታችም ‹ዘረፋ› ትላለህ። አንዱን ምረጥ።»

ምዕራፍ ሰባት ነው። ያን ጠዋት ዘጠኙን ቃላት መለስሁ ብዬ ነበር፤ ለካ የመለስሁት ስምንቱን ነው።

ቃሉን አስተካክዬ፣ ሦስተኛዋን ገጽ መልሼ፣ ፋይሉን እንደገና ለቀቅሁት። ከዚያ የመምህሬን አራተኛ ቅጠል ገልብጬ ከግርጌው «ጎበዝ» የምትለዋን ፈለግሁ። የለችም።